ጤናን፣ ትምህርትንና መብትን በአንድ መዝገብ መያዝ፦ ለአነስተኛ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የአሠራር መመሪያ

ከትምህርት ገበታዋ የቀረች የአሥር ዓመት ልጅ አለች እንበል። ጉዳይዋ በአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የትምህርት ክፍል እጅ ቢገባ፣ ባለሙያው ደብተርና ቦርሳ ገዝቶ ወደ ክፍል ይመልሳታል፤ በወሩ ግን እንደገና ትቀራለች። ጠጋ ብሎ ያነጋገራት ሰው የሚያገኘው ሌላ ታሪክ ነው። ልጅቷ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው በደንብ አይታያትም፤ መምህሩ ስታነብ ስትደናቀፍ ሲያይ ሰነፍ ናት ብሎ ደምድሟል፤ የሚያሳድጓት አያቷ ወደ ዓይን ሕክምና ወስደዋት ነበር፤ ነጻ ሕክምና ለማግኘት ግን የልደት ምስክር ወረቀት ተጠየቁ፤ ምስክር ወረቀቱን ለማውጣት ደግሞ አሳዳጊነታቸውን የሚያረጋግጥ ሰነድ ያስፈልጋል፤ እሱ የላቸውም። ችግሩ የታየው ትምህርት ቤት ነው፤ ያለው ዓይኗ ላይ ነው፤ የታሰረው ሰነድ ላይ ነው።

በጤና፣ በትምህርትና በመብት ላይ እሠራለሁ የሚል ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክፍል፣ ሦስት በጀትና ሦስት መዝገብ ይከፍታል። ይህች ልጅ በሦስቱ መዝገቦች ተጽፋ ሦስት ሰው ትመስላለች፤ ካልሆነም እያንዳንዱ ክፍል የሌላው ጉዳይ ናት ብሎ ስለሚያልፋት በአንዱም ሳትገኝ ትቀራለች። ይህ መመሪያ የሚያሳየው ሥራውን በተገላቢጦሽ ማደራጀትን ነው፤ መነሻው ድርጅቱ ያለው ዕቃ ወይም ሙያ ሳይሆን ሰውን የከለከለው ነገር ይሆናል፣ መዝገቡም የክፍሉ ሳይሆን የሰውየው ይሆናል። የተጻፈው በጥቂት ባልደረቦች ለሚንቀሳቀሱ አነስተኛ ድርጅቶች ነው፤ እንዲህ ያለውን አሠራር ለመጀመር ብዙ ገንዘብም ሆነ ውስብስብ ሶፍትዌር አያስፈልግም።

ለማን እንደሚሠራ መወሰን

«ተጋላጭ» የሚለው ቃል በፕሮፖዛል ውስጥ ከመመላለሱ ብዛት ትርጉሙ ሳስቷል። ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ብሎ መዘርዘር ቀላል ነው፤ ነገር ግን አረጋዊ ሁሉ ተጋላጭ አይደለም፣ ጎልማሳ ወንድም ሁሉ ከአደጋ የራቀ አይደለም። የሚሻለው ተጋላጭነትን የሰው ዓይነት አድርጎ ከማየት ይልቅ፣ በሰውየው ላይ ምን ሊደርስበት እንደሚችል፣ ቢደርስበትስ ምን መቋቋሚያ እንዳለው መጠየቅ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ቤተሰብ፣ ገቢና በአቅራቢያዋ ጤና ጣቢያ ካላት ሁኔታዋ አንድ ነው፤ ከመኖሪያዋ ተፈናቅላ፣ ቋንቋውን በማታውቀው ሰፈር ብቻዋን የምትኖር ነፍሰ ጡር ሁኔታ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው።

መስፈርቱ ከተወሰነ በኋላ ማንም ሊረዳው በሚችል ቋንቋ ተጽፎ ሥራው በሚካሄድበት አካባቢ ሰው በሚያየው ቦታ መለጠፍ፣ ማንበብ ለማይችሉም በስብሰባ ላይ መነበብ አለበት። ሰው ለምን እንዳልተመረጠ ሲያውቅ ይከፋው ይሆናል፤ ሳያውቅ ሲቀር ግን ይጠረጥራል፣ ጥርጣሬው ደግሞ ድርጅቱን ብቻ ሳይሆን የተመረጡትንም ጎረቤቶች ያጠቃል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 46/182 ሰብአዊ ርዳታ በሰብአዊነት፣ በገለልተኝነትና ባለማዳላት መርሆች እንዲሰጥ ይደነግጋል። ከሦስቱ በአነስተኛ ድርጅት ውስጥ በየቀኑ የሚፈተነው የመጨረሻው ነው፤ የሚፈተነውም በጦር ሜዳ ሳይሆን የአካባቢው ኮሚቴ የስም ዝርዝር ይዞ በሚመጣበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

የኮሚቴው ዝርዝር ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ኮሚቴ የሚያውቀው የሚታየውን ሰው ነው፣ ከሁሉ የበለጠ የተቸገረው ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይታየው ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ፣ ትናንት የደረሰ ተፈናቃይ፣ ከአልጋ የማይነሳ ሕመምተኛ፣ ቤተሰቡ አፍሮበት ከጓዳ የማያወጣው አካል ጉዳተኛ በስብሰባ ላይ አይገኙም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ስብሰባ ማብቂያ ላይ «ዛሬ እዚህ ያልመጣ ማነው? ለምንስ አልመጣም?» ብሎ መጠየቅና ከሚነሱት ስሞች ጥቂቶቹን በዚያው ሳምንት ቤታቸው ድረስ ሄዶ ማነጋገር ይገባል። በእኔ ግምት ይህች ጥያቄ ከረጅም የዳሰሳ መጠይቅ የበለጠ ሰው ታስገኛለች።

አካል ጉዳትን በተመለከተ የአጠያየቅ ስልቱ ውጤቱን ይለውጠዋል። «በቤታችሁ አካል ጉዳተኛ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ቤተሰብ «የለም» ይላል፤ ቃሉ ያሳፍራል፣ ወይም አያታቸው መስማት ያቃታቸው በእርጅና ነው ብለው ስለሚያስቡ አይቆጥሯቸውም። እ.ኤ.አ. በ2001 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ሥር የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን ለዚህ መፍትሔ የሚሆኑ ስድስት አጫጭር ጥያቄዎች አዘጋጅቷል። ጥያቄዎቹ ጉዳት የሚለውን ቃል ጨርሶ አይጠቅሱም፤ ሰውየው መነጽር ቢያደርግም እንኳ ለማየት፣ የመስሚያ መሣሪያ ቢጠቀምም እንኳ ለመስማት፣ ለመራመድ ወይም ደረጃ ለመውጣት፣ ለማስታወስ ወይም ልብ ብሎ ለመከታተል፣ ራሱን ለመንከባከብ፣ ከሰው ጋር ለመግባባት ይቸገር እንደሆነ ብቻ ይጠይቃሉ። መልሱ «አልቸገርም»፣ «ትንሽ እቸገራለሁ»፣ «በጣም እቸገራለሁ» እና «ጨርሶ አልችልም» ከሚሉት አንዱ ሲሆን፣ ከስድስቱ በአንዱ እንኳ ከመጨረሻዎቹ ሁለት መልሶች አንዱን የሰጠ ሰው አካል ጉዳት እንዳለበት ይቆጠራል። ለሕፃናት ከዩኒሴፍ ጋር የተዘጋጀ፣ ከ2 እስከ 17 ዓመት ላሉት የሚያገለግል የተለየ መጠይቅ አለ፤ ለአዋቂ የተዘጋጀውን በልጅ ላይ መጠቀም የልጁን ችግር ሳያሳይ ያልፋል። በመጀመሪያ ላይ የጠቀስናት ልጅ በዚህ መጠይቅ ብትጠየቅ ኖሮ የዓይኗ ጉዳይ ደብተር ከመገዛቱ በፊት ይታወቅ ነበር።

ማነጋገርና መመዝገብ

ቤት ለቤት የሚሄደው ባልደረባ ከመጠይቁ በፊት ሦስት ነገር መናገር አለበት፦ ማን እንደላከው፣ መረጃው ለምን እንደሚፈለግ፣ መልስ መስጠት ርዳታ እንደማያረጋግጥ፣ አለመስጠትም ቅጣት እንደሌለው። ሦስተኛው ከባድ ነው፤ በተለይ የተቸገረ ሰው ፊት ቆሞ «ምንም ቃል አልገባም» ማለት ጨካኝ ያስመስላል። ሆኖም ተስፋ ሰጥቶ መጥፋት ከዚያ ይከፋል፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ድርጅት በር ያዘጋል።

ልጅ በሚመለከት ጉዳይ ልጁም ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ላይ ልጁ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለውና ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ሊመዘን እንደሚገባ ይናገራል። በተግባር ይህ ማለት ልጁን ከአሳዳጊው ፈንጠር ብሎ፣ ነገር ግን ሁሉም በሚያዩት ቦታ፣ ቁጭ ብሎ ማነጋገር ነው። አያትየዋ «እምቢ አለች» ያሉት፣ ልጅቷ «ሰሌዳው ያብረቀርቃል» የምትለው ያኔ ነው።

መዝገቡ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ከላይ የሰውየው ስም ሳይሆን መለያ ቁጥር ይጻፋል፤ ስምና አድራሻን ከመለያ ቁጥር ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በሌላ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ቁልፉም በሁለት ሰው እጅ ብቻ ይሆናል። ከዚያ በታች አራት ዓምድ ይሰመራል፦ የከለከለው ነገር በራሱ በባለጉዳዩ አነጋገር፣ ቀጣዩ እርምጃ፣ እርምጃውን የሚወስደው ባልደረባ፣ የሚጠናቀቅበት ቀን። የልጅቷ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ከኋላ ወንበር ስቀመጥ ጽሑፉ ይደባለቅብኛል» ከሚለው ትይዩ የዓይን ምርመራ፤ «ወረቀት የለሽም ብለው መለሱኝ» ከሚለው የአያትየዋ ቃል ትይዩ የአሳዳጊነት ማስረጃ፣ ከእሱም ቀጥሎ የልደት ምዝገባ፤ «መምህሩ ሰው ፊት ይቆጣኛል» ከሚለው ትይዩ ከመምህሩ ጋር የሚደረግ ውይይትና ልጅቷን ከፊት ወንበር ማስቀመጥ። የመጨረሻው ምንም ወጪ የለውም፣ በማግስቱም ሊፈጸም ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሁልጊዜ አስቀድሞ መፈጸም ብልህነት ነው፣ ምክንያቱም ሰነዱ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ቤተሰቡም እስከዚያ አንድ የሚጨበጥ ለውጥ ማየት አለበት።

በገጹ ላይ የማይጻፍም ነገር አለ። ድርጅቱ ምንም ሊያደርግበት የማይችለውን መረጃ መሰብሰብ የለበትም፤ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት ለሥራው የማያስፈልጉ ከሆነ አይጠየቁም። የኤች አይ ቪ ውጤት፣ የደረሰ ጥቃት፣ የስደተኝነት ሁኔታና የመሳሰሉት ለሚመለከተው ባለሙያ ብቻ በሚከፈት ተያያዥ ገጽ ይያዛሉ። ስምና ፎቶግራፍ በባልደረቦች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ መለዋወጥ በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም ወዲያውኑ መቆም ያለበት ልማድ ነው፤ አንድ ስልክ ሲጠፋ የመቶ ሰው ገመና አብሮ ይጠፋል።

ሦስቱ ዘርፎች በሥራ ላይ

ጤናን በተመለከተ አነስተኛ ድርጅት ክሊኒክ ለመክፈት ባይቸኩል ይሻላል። የጤና ባለሙያ፣ የመድኃኒት አቅርቦትና ፈቃድ የሌለው ክሊኒክ ለበሽተኛው አደጋ ነው፣ ያለውንም የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሰው ያሳጣዋል። ይልቁንስ ችግሩን ቀድሞ ማየትና ሰውን በሰዓቱ ማድረስ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የክንድ ዙሪያ መለኪያ ጥብጣብ ነው። ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነ ሕፃን ግራ ክንዱ ዘና ብሎ ሲወርድ፣ በትከሻና በክርን መካከል ባለው ነጥብ ላይ ጥብጣቡ ሳይጠብቅና ሳይላላ ይዞራል። ልኬቱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ማለትም ቀዩ ላይ ካረፈ፣ ሕፃኑ ለሕይወቱ በሚያሰጋ ከባድ የምግብ እጥረት ውስጥ ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ሴንቲ ሜትር ባለው ቢጫ ላይ ካረፈ እጥረቱ መካከለኛ ነው። ጥብጣቡ የማያሳየው አንድ ነገር አለ፦ እብጠት። የሁለቱን እግሮች የላይኛውን ገጽ በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ ሲለቁት በሁለቱም ላይ ጉድጓድ ከቀረ፣ የክንዱ ልኬት ምንም ይሁን ምን ጉዳዩ ከባድ ነውና ሕፃኑ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለበት። እናቶች ራሳቸው በአጭር ሥልጠና ይህንን መለካት ይችላሉ፤ ከድርጅቱ ባልደረባ ወርኃዊ ጉብኝትም ይልቅ እናት በየሳምንቱ የምትለካው ልኬት ሕፃኑን ቀድሞ ያድነዋል።

የምግብ እጥረት፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥና ያልታከመ የጆሮ ሕመም ቆይተው የትምህርት ጉዳይ ሆነው ይመጣሉ። ስለዚህ የትምህርት ሥራው ዋና መሣሪያ ቦርሳ ሳይሆን የቀሪ መዝገብ ነው። ከትምህርት ቤቱ ጋር ተስማምቶ በተከታታይ ሦስት ቀን የቀረን ልጅ ስም በዚያው ሳምንት መቀበል፣ ቤቱም ድረስ ሄዶ መጠየቅ ልጁ ጨርሶ ከማቋረጡ በፊት ለመድረስ ያስችላል። የቀሪዎቹን ቀናት ጎን ለጎን አድርጎ ማየትም ብዙ ይናገራል፤ የአንድ ክፍል ልጃገረዶች በየወሩ ለጥቂት ቀናት የሚቀሩ ከሆነ መመልከት ያለብን መጀመሪያ የመጸዳጃ ቤቱን በርና ውኃውን ነው፤ ወንዶቹ በመኸር ሰሞን የሚጠፉ ከሆነ ጉዳዩ የቤተሰብ ጉልበትና ገቢ ነው።

መብት በሦስቱ ዘርፎች መካከል በጣም የሚፈራውና በጣም የሚዘነጋው ነው። ብዙ ድርጅቶች መብት ሲባል ሰልፍና መግለጫ ይመስላቸዋል፤ ለተቸገረ ሰው ግን መብት መጀመሪያ የሚገለጠው በወረቀት ነው። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 7 ሕፃን እንደተወለደ ወዲያውኑ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ሆኖም ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ የዓለም ሕፃናት 150 ሚሊዮን ያህሉ አልተመዘገቡም። ያልተመዘገበ ልጅ ዕድሜውን ማስረዳት ስለማይችል ያለዕድሜ ጋብቻን፣ የጉልበት ብዝበዛንና እንደ አዋቂ ተከሶ መቀጣትን በሕግ መከላከል ያስቸግረዋል፤ ፈተና መቀመጥ፣ ውርስ መጠየቅም እንዲሁ። ድርጅቱ እዚህ ላይ ሊሠራ የሚችለው ቀላልና ተደጋጋሚ ሥራ ነው፦ የአካባቢው የምዝገባ ጽሕፈት ቤት ምን ሰነድ እንደሚጠይቅ በጽሑፍ መያዝ፣ ምስክር የሚሆኑ ሰዎችን ማስተባበር፣ ቅጹን አብሮ መሙላት፣ ባለጉዳዩ በተቀጠረበት ቀን አብሮት መሄድ። ጽሕፈት ቤቱ ሕጉ የማይጠይቀውን ሰነድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ከአንድ ባለጉዳይ አቤቱታ ይልቅ በሃያ መዝገብ የተደገፈ ደብዳቤ ለኃላፊው ማቅረብ ውጤት ያመጣል። መብትን ማስከበር የሚባለው ነገር በአመዛኙ ይህን ይመስላል፤ ትዕግሥት ነው፣ ወረፋ ነው፣ የደብዳቤ ቅጂ ማስቀመጥ ነው።

ወደ ሌላ ተቋም መላክ

የአገልግሎት ሰጪ ተቋማት ዝርዝር አዘጋጅቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ሪፈራል አይደለም። ዝርዝሩ የሚሠራው በየሦስት ወሩ አንድ ባልደረባ እያንዳንዱ ተቋም ድረስ ሄዶ በሩ ክፍት መሆኑን፣ ማንን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚያስከፍል፣ ተሽከርካሪ ወንበር ደረጃውን ይወጣ እንደሆነ ካረጋገጠ ነው። በብዙ ሪፖርቶች ላይ «ይህን ያህል ሰው ሪፈር ተደርጓል» የሚል ቁጥር ይገኛል፤ ሪፈር መደረግ ማለት ወረቀት መያዝ እንጂ መታከም አይደለም። መቆጠር ያለበት ሄዶ አገልግሎቱን ያገኘው ሰው ነው፤ ያላገኘው ደግሞ ለምን እንዳላገኘ በመዝገቡ የመጀመሪያ ዓምድ ላይ እንደ አዲስ መሰናክል ይገባል። የትራንስፖርት ገንዘብ፣ አስተርጓሚ፣ ቤት የሚቀሩትን ታናናሾች የሚጠብቅ ሰው፤ ብዙዎቹ መሰናክሎች እንዲህ ያሉ ትንንሽ ናቸው።

ሰውን ከራስ ድርጅት መጠበቅ

ይህ ክፍል የማይመች ነው፤ ስለማይመችም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በምዕራብ አፍሪካ የስደተኞች መጠለያዎች ውስጥ ርዳታ ሰጪ ሠራተኞች ርዳታን መደራደሪያ አድርገው በልጃገረዶች ላይ ወሲባዊ ብዝበዛ ይፈጽሙ እንደነበር ይፋ ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ባወጡት መመሪያ ገንዘብን፣ ሥራን ወይም ርዳታን በወሲብ መለወጥ፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ ጋርም ግንኙነት ማድረግ ተከለከለ፤ ዕድሜዋን አላወቅሁም የሚለውም ምክንያት ተቀባይነት እንደሌለው ተደነገገ። አነስተኛ ድርጅት «እኛ ጋ ሁላችንም እንተዋወቃለን» ብሎ ራሱን ከዚህ ውጭ ማድረግ አይችልም። እያንዳንዱ ባልደረባና በጎ ፈቃደኛ የሥነ ምግባር ደንቡን አንብቦ ይፈርማል፣ ከመቀጠሩ በፊት የቀድሞ አሠሪው ይጠየቃል፣ ማንም ባልደረባ ከልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይሆንም፤ ተጠቃሚዎችም ርዳታው ነጻ መሆኑን፣ ማንም ምንም ሊጠይቃቸው እንደማይችል ከመጀመሪያው ቀን ይነገራቸዋል።

ቅሬታ የሚቀርብበት መንገድ ከአንድ በላይ መሆን አለበት። በአንድ ወቅት በሠራሁበት ቦታ በር ላይ የተሰቀለ የቅሬታ ሣጥን ነበር፤ ለስምንት ወር አንድም ወረቀት አልገባበትም ነበርና ኃላፊዎቹ ሰው ረክቷል ብለው ሪፖርት ጻፉ። ቆይቶ እንደታወቀው የሣጥኑ ቁልፍ በዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ እጅ ነበር፣ ሰውም ሊያማርር የፈለገው በእሱ ላይ ነበር፤ ግማሹ ደግሞ መጻፍ አይችልም። ከዚያ የተማርነው ቅሬታ የሚቀበለው ሰው ርዳታ ከሚያድለው የተለየ እንዲሆን፣ አንዲት ሴት ባልደረባ በተወሰነ ቀን በአካባቢው ተቀምጣ በቃል እንድትቀበል፣ ከባድ ጉዳይ ደግሞ በቀጥታ ለቦርዱ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ለቀረበ ቅሬታ መልስ የሚሰጥበት ቀን ተወስኖ ይነገራል፤ መልሱ «አይሆንም» ቢሆን እንኳ ይሰጣል።

ገንዘብና ምስል

ስለ ገንዘብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ገንዘብ የሚጠይቀው፣ የሚፈቅደውና የሚከፍለው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ አይመዝገብ፤ ለአንድ ዓላማ የተሰጠ ገንዘብ ለሌላ ሲፈለግ ለጋሹ በጽሑፍ ይጠየቅ። በጀት ሲዘጋጅ ግን ከላይ የተጠቀሱት ትንንሽ መሰናክሎች የሚፈቱበት፣ አስቀድሞ ያልተመደበ አነስተኛ ገንዘብ መያዝ ይገባል። ለጋሾች እንዲህ ያለውን መስመር በጥርጣሬ ያዩታል፤ ያለፈው ዓመት መዝገብ ሲቀርብላቸው ግን የት እንደዋለ ያያሉ።

ገንዘብ ለማሰባሰብ የተቸገረን ሰው ምስል መጠቀም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ዝንብ የወረረው ፊትና የተዘረጋ እጅ ልብ ይነካል፤ ባለቤቱ ግን በዚያ ምስል ለዘላለም ሲታይ ይኖራል። ፈቃድ ሲጠየቅ ምስሉ የት እንደሚወጣ፣ በኢንተርኔት ላይ ከወጣም ተመልሶ እንደማይሰበሰብ መነገር አለበት፤ እምቢ ያለ ሰው ርዳታው እንደማይቀርበት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የልጅ ፊት፣ ስምና የሚማርበት ትምህርት ቤት አንድ ላይ ፈጽሞ አይወጡም።

መዝገቡ መቼ ይዘጋል?

መዝገብ መክፈት የሚያውቁ ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ መዝጋት የሚያውቁት ጥቂት። ሁለት ዓመት የተከፈተ፣ ማንም የማያየው መዝገብ ባለጉዳዩን ያስጠብቃል፣ ባልደረባውንም ያደክማል። የሚዘጋበት ምክንያት ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ የሚዘጋውም የመጨረሻው ርዳታ በተሰጠ ዕለት ሳይሆን የከለከለው ነገር መወገዱ ቆይቶ ሲረጋገጥ ነው። ባለጉዳዩ መዝገቡ ሊዘጋ መሆኑን አስቀድሞ ይሰማል፣ ችግሩ ቢመለስ ወዴት እንደሚሄድ ይነገረዋል፣ በእጁ የሚቀሩት ሰነዶች ዋናው ቅጂ ይሰጠዋል።

የልጅቷ ገጽ ላይ የዓይን ምርመራው፣ የአሳዳጊነት ማስረጃውና የልደት ምዝገባው በየቀናቸው ተፈርመዋል። መነጽር ካደረገች በኋላ በነበረው ወር ሁለት ቀን ቀርታለች፤ በሁለተኛው ወር አንድ ቀን፤ በሦስተኛው ምንም አልቀረችም። ባልደረባዋ በመጨረሻው ጉብኝት መነጽሩ ተጭሮ አገኘችውና መዝገቡን ሳትዘጋ «መነጽር ቢሰበር ማን ይተካል?» የሚል አንድ መስመር ጨምራ፣ ከትይዩው የአያትየዋንና የዓይን ክሊኒኩን ስልክ ጽፋ፣ የቀጠሮ ቀን አስቀመጠች።